ሁሉም አባል አትራፊ እንዲሆን ስለተወሰነበት ሐሙስ

የሐሙስ ፖከር ማኅበር አስቸኳይና ታሪካዊ ስብሰባ
("ታሪካዊ" የሚለውን ቃል ጸሐፊው ጨምሮ ሰብሳቢዋ እንዲሰረዝ አዝዘዋል። ላጲስ እስኪገኝ ድረስ በዚሁ ይቆያል።)

ቀን፦ ሐሙስ። የልብስ ስፌት ቤቱ የቀን መቁጠሪያ ያምናው ስለሆነ አባላት በወሩ ቀን ላይ መስማማት አልቻሉም። ሐሙስ መሆኑን ግን የካደ የለም።

ቦታ፦ የልብስ ስፌት ቤቱ ጓዳ፣ የመቁረጫው ጠረጴዛ ዙሪያ። ጠረጴዛው ላይ የነበረው ያልተጠናቀቀ የሙሽራ ሱሪ ለስብሰባው ሲባል ተነሥቶ በጸሐፊው ጭን ላይ ተቀምጧል።

ሰዓት፦ ለአሥራ አንድ ሰዓት ተጠርቶ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ተጀመረ።

የተገኙ አባላት

1. ልብስ ሰፊዋ፦ ሰብሳቢ፣ የጠረጴዛው ባለቤት፣ የጸሐፊው አክስት
2. ፀጉር አስተካካዩ፦ ምክትል ሰብሳቢ
3. የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት፦ አባል። በሠፈሩ "ዶክተር" ይባላሉ። ዶክተር አይደሉም፤ አይደለሁም ብለውም አያውቁም።
4. ጡረታ የወጡት የአውቶቡስ ሹፌር፦ አባል
5. ጸሐፊው፦ በስታትስቲክስ የተመረቀ፤ ድምፅ የሌለው፤ በአክስቱ ትእዛዝ ካርታ የማይነካ

ሳይጠሩ የተገኙ፦ የፀጉር አስተካካዩ ደንበኛ። የፀጉራቸው ግራ ጎን ተቆርጦ አልቋል፤ ቀኙ በመጠባበቅ ላይ ነው።

ምልዓተ ጉባኤ፦ ድምፅ ያላቸው አራቱም አባላት በመገኘታቸው ተሟልቷል። ፀጉር አስተካካዩ አንድ እግራቸው ገና ደጅ ስለነበረ ሙሉ ሰው ተብለው ይቆጠሩ እንደሆነ ዶክተር ጠይቀው ነበር። ሰብሳቢዋ ለፀጉር አስተካካዩ "ወይ ግባ ወይ ውጣ፣ ብርድ አስገባህብን" ስላሏቸው ጥያቄው በዚያው ተፈትቷል።

ለማያውቁን አንባቢዎች የቀረበ አጭር ማብራሪያ

ማኅበሩ በየሐሙሱ ፖከር ይጫወታል። ሰብሳቢዋ "እኔ ቤት ቁማር አይገባም" የሚል ደንብ ስላወጡ ጨዋታው በገንዘብ አይደለም፤ እያንዳንዱ አባል የሚያሲዘው የገዛ ሙያውን ነው። የሰብሳቢዋ አንድ አዝራር አንድ ሱሪ ማሳጠር ነው። የፀጉር አስተካካዩ አንድ ምላጭ፣ ከነወረቀቱ፣ አንድ ፀጉር መቁረጥ ነው። የዶክተር አንድ ባዶ የመድኃኒት ካርቶን አንድ የደም ግፊት መለካት ነው። ሹፌሩ ደግሞ ከመሥሪያ ቤታቸው ሲሰናበቱ ማንም ያልፈለገው የትኬት ጥቅል ስለተሰጣቸው፣ የእሳቸው አንድ ትኬት በአሮጌዋ ሚኒባሳቸው ከተማው ውስጥ ወደፈለጉበት መሄጃ ነው። አሸናፊው ያገኘውን በፈለገው ቀን ይጠቀምበታል፤ ወይም በሌላ ሐሙስ መልሶ ያሲዘዋል።

በዚህ አሠራር የተነሣ ዶክተር፣ አንድም ፀጉር ሳይኖራቸው፣ ለብዙ ዓመት የሚበቃ ፀጉር መቁረጥ አከማችተዋል። ሰብሳቢዋ ደግሞ ግፊታቸው ከመለካቱ ብዛት የተነሣ መለኪያው ገና ሲያያቸው ይነፋል ይባላል። የሹፌሩ ትኬት የሌለው አባል ግን የለም።

አጀንዳ

1. ከሹፌሩ የቀረበ ማሳሰቢያ
2. በትንሽ ማስያዣ ፖከር እየተጫወቱ በዘላቂነት አትራፊ ስለመሆን፣ በጸሐፊው የቀረበ ጥናት
3. የጥናቱ ሙከራ
4. ልዩ ልዩ

አጀንዳ አንድ

ሹፌሩ ልጃቸው ለሚኒባሷ ገዢ እንዳገኘችና ገዢውም ነገ ጠዋት እንደሚመጣ አስረዱ። የልጃቸው ሐሳብ፣ ሰው የማትጭን መኪና ደጅ ቆማ ዝገት ከምታሳድግ ትሸጥና አባቷ ይረፉ የሚል ነው። ሹፌሩ በበኩላቸው ሚኒባሷ ከሐሙስ እስከ ሐሙስ አርፋ እንደማታውቅ ነግረዋታል። አላመነችም። በመጨረሻም ዛሬ ከሥራ ስትወጣ በዚህ በኩል መጥታ ልታይ ተስማምተዋል። ተሳፋሪ ካየች ገዢውን ትመልሳለች፤ ካላየች ቁልፉን ትረከባለች።

ሰብሳቢዋ ይህ ምኑ ያስጨንቃል ብለው ጠየቁ። ዶክተር ከኮታቸው ኪስ አንድ እፍኝ ትኬት አውጥተው ለጉባኤው አሳዩ። ፀጉር አስተካካዩ የእሳቸው ትኬት ከማበጠሪያዎቹ ጋር በአንድ ብርጭቆ ውስጥ እንደሚኖርና ብርጭቆው እንደሞላ ገለጹ። "ጋሼ፣ እኛ ቆመን ተሳፋሪ ይጥፋ?" ብለው ትከሻቸውን መታ መታ አደረጓቸው።

ሹፌሩ አንድ ነገር ብቻ እንዲያዝላቸው ጠየቁ። በሥራ ዘመናቸው ሁሉ ትኬት የሌለው ሰው ጭነው አያውቁም። ባለቤታቸውን እንኳ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ለሠርጋቸው ማግሥት ጉዞ ትኬት አስቆርጠዋቸዋል። ይህን ልጃቸው ከሕፃንነቷ ጀምሮ ስለምታውቅ፣ ያለ ትኬት የተቀመጠን ሰው ተሳፋሪ ብላ አትቆጥርም። ለሰው ትኬት በስጦታ ማደልም በእሳቸው ዘንድ የለም።

ጉዳዩ አሳሳቢ ሆኖ ስላልተገኘ ለመረጃ ያህል ተመዝግቦ ታልፏል።

አጀንዳ ሁለት

ጸሐፊው ጥናቱን ቆሞ አቀረበ። ከተመረቀ ወዲህ የሚመጥነው ሥራ እስኪገኝ ክር በየቀለሙ እየለየ በአክስቱ ቤት ስለሚገኝ፣ የማኅበሩን ጨዋታ ከካውያው ጀርባ ሆኖ ለረጅም ጊዜ የመከታተል ዕድል አግኝቷል። ዋናው ግኝት አባላት በማይረባ ካርታ ጨዋታ ውስጥ እንደሚቆዩ ነው።

በዝርዝርም፣ ሰብሳቢዋ ምንም ሳይይዙ የሚቆዩት ከገዛ ጠረጴዛቸው ማንም ሊያስወጣቸው ስለማይገባ ነው። ፀጉር አስተካካዩ መጥፎ ካርታ ሲደርሳቸው ሌላውን ለማስፈራራት ያፏጫሉ። ጥሩ ሲደርሳቸው ስለማያፏጩ ግን ሠፈሩ ሁሉ ያውቅባቸዋል። ዶክተር ወሳኝ ሰዓት ላይ የራሳቸውን የልብ ትርታ በጣታቸው ይለካሉ፤ የተቀረው ጠረጴዛ ደግሞ የከንፈራቸውን እንቅስቃሴ እያየ አብሮ ይቆጥራል።

ሹፌሩን በሚመለከት ጥናቱ መደብ ሊያገኝላቸው አልቻለም። ካርታ ጥለው አያውቁም። ምንም ይድረሳቸው ምን "አየሁ" ብለው እኩል ያስገባሉ፤ እስከ መጨረሻው ቆይተው የሌላውን ካርታ ያያሉ፤ ይሸነፋሉ፤ ትኬት ይከፍላሉ። ሳምንቱን ሙሉ ሰብሳቢዋን ወደ ጨርቅ ተራ፣ ዶክተርን ወደ መጋዘን፣ ፀጉር አስተካካዩን ወደ አማቶቻቸው ሲያመላልሱ ይሰነብቱና በሚቀጥለው ሐሙስ ከሁሉ ቀድመው ይመጣሉ።

የጥናቱ ምክረ ሐሳብ አጭር ነው። ጥንድ ንጉሥ ወይም ከዚያ የተሻለ ያልያዘ ሰው ካርታውን ወዲያው ይጣል። ይህን ሳይሰለች የፈጸመ ተጫዋች በዘላቂነት ያተርፋል። ጸሐፊው እዚህ ላይ ጭብጨባ ጠበቀ። የተሰማው ከደጅ የደንበኛው ሳል ነው።

ሰብሳቢዋ ሐሳቡን ወደውት እንዲሻሻል ጠየቁ። ማሻሻያው አንድ ተጫዋች ብቻ ሳይሆን አራቱም አባላት በየሳምንቱ አትራፊ እንዲሆኑ ነው። ጸሐፊው በአንድ ጠረጴዛ አንዱ የሚያተርፈው ሌላው ሲከስር እንደሆነ አስረዳ። ሰብሳቢዋም "ለዚህ ነው ዩኒቨርሲቲ ድረስ የሄድከው? ይህንንማ እዚሁ ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር" ካሉ በኋላ፣ መማር ማለት መፍትሔ ማምጣት መሆኑን አሳስበው ሻይ አዘዙት።

ጸሐፊው ሻይ ይዞ ሲመለስ ውይይቱ ማን ይክሰር ወደሚለው ደርሷል። ፀጉር አስተካካዩ ኪሳራ በተራ ይሁን ብለው የመጀመሪያውን ተራ ለዶክተር ሰጡ። ዶክተር በጤና ምክንያት እንደማይችሉ ገለጹ። ከዚያ ሁሉም ቀስ ብሎ ወደ ሹፌሩ ዞረ። ሹፌሩ በበኩላቸው እሳቸው መክሰሩን ስለለመዱት ቅር እንደማይላቸው፣ እንዲያውም እንዳለ ቢቀጥል ደስ እንደሚላቸው ተናገሩ።

ሰብሳቢዋ በዚህ አዘኑ። ማኅበሩ አንድን አባት እስከ መቼ ሲበላ ይኖራል ብለው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። ከዛሬ ጀምሮ ማትረፍ ያለባቸው በመጀመሪያ ጋሼ ናቸው። ሹፌሩ "ኧረ እኔ ደህና ነኝ" ቢሉም፣ ትሕትናቸው ተመስግኖ አስተያየታቸው ውድቅ ሆኗል።

የከሳሪው ቦታ ክፍት መሆኑ ስለታወቀ እጩ ተፈለገ። ደንበኛው በበሩ ስንጥቅ አጮልቀው እሳቸው ቢሆኑ ቅድሚያ ፀጉራቸው ያልቅላቸው እንደሆነ ጠየቁ። ፀጉር አስተካካዩ "ጌታው፣ ይቀመጡ፣ መጣሁ" አሏቸው። ይህ ለሦስተኛ ጊዜ ነው።

በዚህ ጊዜ ዶክተር በጥግ የቆመችውን የልብስ ማሳያ አሻንጉሊት ጠቆሙ። አሻንጉሊቷ ከዓመታት በፊት ከመስኮት ወድቃ ጭንቅላቷን ያጣች ስትሆን፣ በሠፈሩ "ወይዘሮዋ" ትባላለች። ጭንቅላት የሌላት ሰው እንዴት ፖከር ትጫወታለች ተብሎ ተጠየቀ። ፀጉር አስተካካዩ ይህ ጉድለት ሳይሆን ጥቅም ነው አሉ፤ ፊቷ ላይ ምንም ነገር ሊነበብ አይችልምና። ዶክተር የደም ግፊቷም የተረጋጋ እንደሚሆን ገምተዋል። ሰብሳቢዋ ለመነሻ የሚሆናት አንድ ሣጥን ስፒል ለገሱላት።

ረጅምና አልፎ አልፎ ጣት መቀሰር የታየበት ውይይት ከተካሄደ በኋላ የሚከተለው ተወስኗል።

2.1 አራቱም አባላት ከዛሬ ጀምሮ በዘላቂነት አትራፊ ናቸው።

2.2 ጥንድ ንጉሥ ወይም ከዚያ በላይ ያልያዘ አባል ካርታውን ይጥላል።

2.3 ወይዘሮዋ በከሳሪነት አምስተኛ አባል ሆና ተሹማለች። በሹመቱ ላይ ተቃውሞ እንዳላት ተጠይቃ ዝም ስላለች እንደተቀበለች ተቆጥሯል።

2.4 የተገኘው ትርፍ እንዳይባክን፣ ማንኛውም አባል ያሸነፈውን መስጠት፣ መለወጥ ወይም ማበደር አይችልም። (ይህን አንቀጽ ያረቀቀው ጸሐፊው ነው። በጣም ተመስግኖበታል።)

አጀንዳ ሦስት

ወይዘሮዋ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ስለማትታጠፍ በትክክል ለመናገር ወንበሩ ላይ ተደገፈች። ለእያንዳንዱ አምስት አምስት ካርታ ታደለ። እያንዳንዱ አባል ለመግቢያ መሀል ላይ አንድ ነገር ማስቀመጥ ስላለበት፣ ሦስቱ አባላት የገዛ ሙያቸውን ላለመንካት በእጃቸው የተረፈውን፣ ማለትም የሹፌሩን ትኬት አስቀመጡ።

በመጀመሪያው ዙር ሰብሳቢዋ ካርታቸውን አይተው ጣሉ። ዶክተር ትርታቸውን ሳይለኩ ጣሉ። ፀጉር አስተካካዩ ማፏጨት ጀምረው ነበር፤ ጸሐፊው አንቀጽ 2.2ን በጣቱ ሲያሳያቸው አየሩን መልሰው ስበው ጣሉ። ሹፌሩ ግን በልማዳቸው "አየሁ" አሉ። ጸሐፊው ካርታቸው ምን እንደሆነ በጆሮአቸው ጠየቃቸው። ገና እንዳላዩት መለሱለት።

ወይዘሮዋ ካርታ የምትጥልበት እጅ ስለሌላት በጨዋታው ውስጥ እንዳለች ተቆጠረ። ስለዚህ የሁለቱ ካርታ ተገለጠ። ሹፌሩ አሸነፉ።

ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም፣ ከዚያ በኋላ ያሉትም እንዲሁ ናቸው። ጥንድ ንጉሥ እንደ ልብ አይመጣም። ሦስቱ አባላት ትኬት ያስቀምጣሉ፣ ካርታ ያያሉ፣ ይጥላሉ፣ እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ። አንድ ጊዜ ዶክተር ጥንድ ንጉሥ ደርሷቸው በደስታ ሲያስሉ ሰብሳቢዋም ፀጉር አስተካካዩም ነቅተው ነበር፤ ሹፌሩ ባለ አራት ቁጥር ሦስት ካርታ ይዘው አሸነፉ። ደንበኛው ገብተው ለምን ጨዋታውን እንደማይጀምሩ ጠየቁ። እየተጫወትን ነው ተባሉ። ትንሽ ቆመው አዩና ወንበር ስበው ተቀመጡ።

ፀጉር አስተካካዩ ሱቃቸው ድረስ ሄደው ብርጭቆውን አምጥተው ትኬቱን ጨረሱት። የዶክተር ኮት ኪስ ወደ ውጭ ተገለበጠ። ሰብሳቢዋ ትኬት የሚያስቀምጡበት ቆርቆሮ ታቹ ታየ። ሙከራው ሲጠናቀቅ የሹፌሩ ትኬት በሙሉ ወደ ሹፌሩ ተመልሷል። ለየት ያሉት ሦስት ትኬቶች ብቻ ናቸው፤ እነሱን ወይዘሮዋ አሸንፋለች።

ጸሐፊው ውጤቱን በኩራት አበሠረ። በትንሽ ማስያዣ ፖከር የሚጫወት ሰው በዘላቂነት አትራፊ ሊሆን እንደሚችል በዚህ ጠረጴዛ ተረጋግጧል። ሁለተኛዋ አትራፊ ጭንቅላት የሌላት መሆኗ ከጥናቱ ዓላማ ጋር የማይገናኝ ስለሆነ ለወደፊት ምርምር ተላልፏል። አባላት አጨበጨቡ፤ ሰብሳቢዋ "አላልኳችሁም፣ ጋሼም ቀን ወጣላቸው" አሉ።

ሹፌሩ አላጨበጨቡም። ትኬቶቹን በአንድ ላይ ሰብስበው በጠረጴዛው ጠርዝ እያስተካከሉ ነበር። ከዚያ በመስኮቱ በኩል ደጅ የቆመችውን ሚኒባስ ተመለከቱ።

"ታዲያ አሁን ማንን ልጫን?" አሉ።

ጭብጨባው ቆመ። አባላት አንድ በአንድ ኪሳቸውን ዳበሱ። ፀጉር አስተካካዩ ባዶውን ብርጭቆ ገልብጠው ወዘወዙት። አንድ ማበጠሪያ ወደቀ።

ሰብሳቢዋ ሹፌሩ ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ትኬት እንዲያድሉ ጠየቁ። ሹፌሩ ይህን በአጀንዳ አንድ እንደመለሱ አስታወሱ። ዶክተር ትኬት በደም ግፊት ልለውጥ አሉ። ጸሐፊው አንቀጽ 2.4ን አነበበ። ይህን ያረቀቀው ማነው የሚል ጥያቄ ተነሣ። በቃለ ጉባኤው ውስጥ በቅንፍ ተጽፏል።

ፀጉር አስተካካዩ ውሳኔዎቹ በሙሉ አሁኑኑ ይሻሩ አሉ። ሰብሳቢዋ ቀለሙ ሳይደርቅ የሚሻር ውሳኔ ማኅበሩን መሳቂያ ያደርገዋል ብለው ተቃወሙ። ዶክተር ቀለሙ እንዲደርቅ በካርቶን ማራገብ ጀመሩ።

አጀንዳ አራት፦ ልዩ ልዩ

የሹፌሩ ልጅ ገባች። ከሥራ በቀጥታ መምጣቷን አንገቷ ላይ ከተንጠለጠለው መታወቂያ መረዳት ይቻላል። ለሁሉም ሰላምታ ሰጥታ፣ ተሳፋሪዎቹ የታሉ ብላ ጠየቀች።

ደንበኛው ወለሉን፣ ፀጉር አስተካካዩ ደንበኛውን ተመለከቱ። ዶክተር እውነት መናገር ይሻላል በሚል እምነት ወደ ወይዘሮዋ ጠቆሙ። ባለ ሦስት ትኬት መሆኗንም አክለው አስረዱ።

ልጅቱ ጭንቅላት የሌላትን ተሳፋሪ ለረጅም ጊዜ ተመለከተች። የአባቷን ትከሻ ያዝ አደረገች እንጂ አልተቆጣችም። "አባዬ፣ ቁልፉን ስጠኝና ወደ ቤት እንሂድ" አለች።

ሹፌሩ ቁልፉን ከኪሳቸው አወጡ። በእጇ ላይ ግን አላኖሩትም፤ ጠረጴዛው ላይ ከትኬቶቹ አጠገብ አስቀመጡት።

ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን አወለቁ። ጸሐፊውን "አንተ ልጅ፣ ቀለሙ ደረቀ?" ብለው ጠየቁት። ቀለሙ እርጥብ መሆኑን በጣቱ እያየ፣ ደርቋል አለ። እንግዲያው አንድ ዙር፣ ያለ ጥናት፣ እንደ ድሮው ይሁን አሉ። ካርታውን ጸሐፊው እንዲያድልም ፈቀዱለት።

ልጅቱ ካርታ እንደማታውቅ ተናግራ ከአባቷ ጀርባ ቆመች።

አባላት በዚህኛው ዙር ያስቀመጡት የገዛ ሙያቸውን ነው። አዝራር፣ ምላጭና ካርቶን መሀል ላይ ተከመረ። ሹፌሩ ካርታቸውን ሳያዩ ከትኬቶቻቸው አብዛኛውን ገፍተው አስገቡ። ሦስቱም ያላቸውን አሟጥጠው እኩል አስገቡ። ፀጉር አስተካካዩ እስኪበቃቸው አፏጩ፤ ዶክተር ትርታቸውን ቆጠሩ፤ ሌላውም አብሮ ቆጠረ። ካርታ የሚለውጥ ለወጠ። ከዚያ ሰብሳቢዋ የቀራቸውን አንድ አዝራር ጨምረው ሹፌሩን ተመለከቱ።

ሹፌሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ካርታቸውን አነሡ። አንድ በአንድ ገለጥ አድርገው አዩ። መልሰው አጠፏቸው። በመስኮቱ በኩል ውጭውን አዩ፤ ደግመው ካርታውን አዩ። ማኅበሩ "አየሁ" የሚለውን ቃል ጠበቀ።

"ጣልኩ" አሉ።

ሹፌሩ ይህን ቃል በማኅበሩ ታሪክ ተናግረው ስለማያውቁ ዶክተር ቆጠራቸውን ሳቱ። የቀሩት ሦስቱ ካርታቸውን ገለጡ። ሰብሳቢዋ በጥንድ ሰባት አሸነፉ።

ጸሐፊው የተጣለውን ካርታ ሲሰበስብ አየው። ሹፌሩም ማየቱን አዩ። የጣሉት አራት ንጉሥ መሆኑ በቃለ ጉባኤው እንዳይገባ አጥብቀው ስለጠየቁ፣ አራት ንጉሥ መሆኑ አልገባም።

ልጅቱም ከጀርባቸው ሆና ካርታውን አይታው ነበር። ጎንበስ ብላ ቁልፉን ከጠረጴዛው አነሣችና የአባቷን ጣቶች ከፍታ መዳፋቸው ላይ አስቀመጠችው።

"አባዬ፣ አንተ ካርታ አትችልም" አለች። ቆይታም ነገ ጠዋት ሰውዬው ሲመጣ፣ መኪናዋ ሥራ ላይ ናት እንደምትለው ተናገረች።

በዚህ መሠረት የሚከተለው በአንድ ድምፅ ተወስኗል።

4.1 አንቀጽ 2.1፣ 2.2 እና 2.4 ተሽረዋል። ማንም አባል በዘላቂነት አትራፊ የመሆን ግዴታ የለበትም። የጸሐፊው ጥናት ተመስግኖ፣ ከካውያው ሥር ለማስደገፊያ እንዲውል ተደርጓል።

4.2 ሰብሳቢዋ ያሸነፏቸውን ትኬቶች ለዶክተር፣ ለፀጉር አስተካካዩ፣ ለደንበኛው እና ለልጅቱ አድለዋል። ትኬቱ ከማን እጅ እንደመጣ ሹፌር እንደማይጠይቅ ሹፌሩ አረጋግጠዋል።

4.3 በአንቀጽ 2.3 የተሰጠው የወይዘሮዋ ሹመትም ተሽሯል፤ በከሳሪነት ተሹማ ስላተረፈች በብቃት ማነስ ተሰናብታለች። ትኬቶቿ ግን ሕጋዊ ናቸው።

ስለ ስብሰባው መዘጋት

መሄጃው ቀደም ሲል በአጀንዳ ስላልተያዘ፣ ባለቤታቸው እየጠበቋቸው ወዳሉት ደንበኛ ቤት እንዲሆን ተመረጠ። ፀጉር አስተካካዩ ቀኝ ጎናቸውን መንገድ ላይ እንደሚጨርሱላቸው ቃል ገብተዋል። ደንበኛው ኮረኮንች ላይ እንዳይሆን ለምነዋል።

ሚኒባሷ በመጀመሪያው አልነሣችም። በሁለተኛውም አልነሣችም። አባላት ወርደው ገፉ። ልጅቱም በመታወቂያዋ ላይ ጭቃ እየተረጨባት ገፋች። ስትነሣ ሁሉም ሮጦ ገባ።

ወይዘሮዋ ሦስት ትኬት ስላላት የኋላው ባለ ሦስት መቀመጫ የእርሷ ሆኖ ተጋድማበታለች። ዶክተርና ፀጉር አስተካካዩ በአንድ ወንበር ተጣበው፣ ጥግ ይሰጣቸው ዘንድ አቤቱታ አቅርበዋል። ሹፌሩ በመስታወቱ አይተው፣ የከፈለችበት ቦታ ነው ብለው ውድቅ አድርገውታል። ልጅቱ ከፊት፣ ከአባቷ ጎን ናት። ትኬቷን ሲጠይቋት ሰጠቻቸው፤ ግማሹን ቆርጠው መለሱላት።

ጸሐፊው አባል ስላልሆነ ትኬት አልደረሰውም። በዚህ የተነሣ ወርዶ እዚያው እንዲቀር ሊወሰን ሲል፣ ሹፌሩ ረዳት ትኬት አያስፈልገውም ብለው በር ላይ አቆሙት።

ስብሰባው ምሽት አንድ ሰዓት ገደማ፣ ሚኒባሷ ውስጥ፣ መታጠፊያው ላይ ተዘግቷል። ከዚህ መስመር ጀምሮ የእጅ ጽሑፉ የተንቀጠቀጠው በመንገዱ ነው። ፌርማታው ላይ ሰዎች እጃቸውን ሲያነሡ ጸሐፊው አንገቱን አውጥቶ "ሞልቷል!" ብሎ ተጣራ። ከተመረቀ ወዲህ በሥራ ላይ ሆኖ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ነው።

የአባላት ፊርማ፦ መንገዱ ሲስተካከል ይፈረማል።